ሽማግሌ የሆንኩበት ምሳ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጢሜ እንኳን በወጉ አልበቀለም። ደጅ ቆሜ፣ አልቀመጥም ብዬ፣ ተለምኜ፣ በመጨረሻም እሺ ተብዬ ትከሻዬን ተስሜአለሁ። ችግሩ፣ እኔ የሄድኩት ፓስታ ልበላ ነበር።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልናገር። ስሜ ይማም ነው። ውጫሌ ላይ ከመኪና ተወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከሚያስኬድ የአምባሰል መንደር መጥቼ ደሴ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ድህነቴን ማንም ሳያውቅብኝ ለመመረቅ ቆርጬ ነበር። ዋጋ አልጠይቅም። "ስንት ነው?" ማለት "የለኝም" ብሎ እንደመጮህ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ጫማ ስጡኝ ብዬ ለካሁና ባለሱቁ ሳልጠይቀው ዋጋውን ሲነግረኝ "ቀለሙን አልወደድኩትም" ብዬ ወጣሁ። እስከ ምርቃቴ ድረስ በዚያ ሱቅ በር አላለፍኩም።

ሁለት የልብ ጓደኞች ነበሩኝ። ደምስ የደሴ ልጅ ነው፤ ገና በሃያ ሦስት ዓመቱ ፀጉሩ አልቆ ግንባሩ እስከ መሃል አናቱ ደርሷል። ሁለተኛው ዲያቆን ሀብቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ሐይቅ ገዳም ውስጥ ዜማና ቅኔ ሲማር የኖረ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የሚወርድ፣ ከጋቢው የማይለይ ልጅ ነበር። ከኛ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ቢሆንም ዶርሙ ሁሉ "የኔታ" ይለዋል።

በፋሲካ ደምስ ሁለታችንንም ቤቱ ወሰደን። እናቱ ለኔ ብለው አዲስ ድስት ገዝተዋል። የጎረቤታቸውን የሼህ ልጅ ጠርተው ዶሮ አሳርደው፣ ለብቻ ሠርተው ጠበቁኝ። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። ግን የድስቱ ቂጥ ገና እሳት ያልለመደው መሆኑን አየሁ፤ ስንወጣ ሳላስበው "በአረፋ ደግሞ እኔ ነኝ የማበላችሁ" አልኩ። በፋሲካ የበላ በአረፋ ያበላል። ማንም ለማንም አያስታውስም፣ ግን ማንም አይረሳውም።

አረፋ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ፈተና ስለነበረን አምባሰል ወጥቶ መመለስ አይታሰብም። በግ ማረድ ብችል እንኳን እነሱ የእስላም ሥጋ አይበሉም። በዚያ ላይ ቀኑ ረቡዕ ነው፤ የሰኔ ጾምም ገብቷል። ደምስ "የሰኔ ጾም የቄስ ነው" ባይ ነው፤ የኔታ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃም አይቀምስ። እንዲህ የተቆላለፈ ግብዣ ይዤ ስጨነቅ፣ ከአንድ ወር በፊት ከቤተሰብ ስመለስ ሐይቅ ከተማ ላይ በመኪና መስኮት ያየሁት ሰሌዳ ትዝ አለኝ። "የጣሊያን ምግብ ቤት" ይላል።

ስሌቴ ይህ ነበር። ጣሊያን ማለት ፓስታ ነው። ፓስታ የጾም ነው። እስላምም ክርስቲያንም ይበላዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተማሪ ምግብ ነው፤ ላውንጅ ውስጥ ከፓስታ በስጎ የሚረክስ የለም። ለሁለት ወር ሻይ ትቼ ያጠራቀምኳት ብር ሦስታችንን አጥግባ ትተርፋለች ብዬ ደመደምኩ። ለጓደኞቼም "ሐይቅ ወስጄ የጣሊያን ምግብ ነው የማበላችሁ" ብዬ ለሦስት ቀን ጎረርኩባቸው።

እዚህ ላይ፣ እኛ ያን ቀን የማናውቀውን እናንተ ግን ማወቅ ያለባችሁን ነገር ልንገራችሁ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ዘሃራ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ዱባይ ስትሠራ አሮጊት ጣሊያናዊት አሠሪ ነበረቻት፤ ሊጥ ማሸቱን፣ መዳመጡን፣ ስጎ ማንተክተኩን ሁሉ ከሷ ተማረች። ሐይቅ ስትመለስ ባጠራቀመችው ገንዘብ ከአባቷ ግቢ ፊት ለፊት ያለውን ቤት አድሳ ከፈተችው። አባቷ አባባ ይመር አልከለከሏትም። አልገባቸውም እንጂ። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ሰው ተቀምጦ አልበላም። አልፎ አልፎ የሚገባው ሰው እንጀራ ይጠይቃል፤ የለም ሲባል ተሰናብቶ ይወጣል።

በዚህ መሃል ሁለት ገልባጭ መኪና ያለው አንድ የደሴ ነጋዴ ዘሃራን ላግባት ብሎ ሰው ላከ። አንድ ነገርም ጨመረ፤ ምግብ ቤቱን ዘግታ ነው የምትመጣው። ዘሃራ ሰውዬውንም መዝጋቱንም አልፈለገችም። አባትና ልጅ ተከራክረው ተከራክረው፣ አባባ ይመር በአላህ ስም ምለው የመጨረሻ ቃላቸውን ተናገሩ። በአረፋ ቀን የነጋዴው ሽማግሌዎች መጥተው ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ተቀምጦ ምግቧን በልቶ ከኪሱ ከከፈለ ቤቱ ይቀጥላል፤ ሽማግሌዎቹም እምቢ ይባላሉ። ካልሆነ ቤቱ ይዘጋል፤ እሷም ትዳራለች። ሽማግሌዎቹ ምሳ ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ለአባባ ይመር ተነግሯቸዋል። ማን ማን እንደሆኑ ግን አልተነገራቸውም።

እኛ የደረስነው ልክ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

እኔ ጠዋት ሰላት የሰገድኩበትን ነጭ ጀለቢያና ኮፍያ እንደለበስኩ ነኝ። ደምስ ግብዣዬን ለማክበር የአባቱን ኮት ደርቦ፣ ሰኔ ነውና ጥቁር ጃንጥላ ይዞ እንደ ከዘራ እየተመረኮዘ ይሄዳል። የኔታ ያው ጋቢውና ጺሙ ነው። ከባጃጅ ስንወርድ የሰፈሩ ሰዎች ጎንበስ እያሉ ሰላም ሲሉን የበዓል ወግ መስሎን እኛም ጎንበስ አልን።

በሩ ክፍት ነበር። አንገቴን አስግጌ አየሁና ባለሁበት ቆምኩ። ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። በየወንበሩ ፊት ሁለት ሹካ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ የታጠፈ ጨርቅ ተቀምጧል። ለአንድ አፍ ሁለት ሹካ የሚያቀርብ ቤት ለኔ ኪስ የሚሆን ቤት እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

አባባ ይመር ከግቢው ብቅ አሉ። ረዘም ያሉ፣ ሽበታቸው ያማረ፣ የበዓል ልብሳቸውን የለበሱ ሰው ናቸው። እንድንገባ፣ እንድንቀመጥ ለመኑን። ከተቀመጥኩ ማዘዝ ሊመጣ ነው። ማዘዝ ከመጣ ዋጋ ሊመጣ ነው። "አይ አባባ፣ ብንቆም ይሻለናል" አልኩ።

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ። ደግመው ለመኑን፤ ደግሜ እምቢ አልኩ። ውሃ አስመጡ። የኔታ ሰዓቱን አይቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደማይቀምስ ተናገረ። ደምስ የመጣው ውሃ የታሸገ መሆኑን ሲያይ ዋጋው አስፈርቶት ጠርሙሱን በጣቱ ገፋ አደረገው።

አሁን ራሳችሁን በአባባ ይመር ቦታ አስቀምጡ። በሐይቅም በአምባሰልም፣ በበዓል ቀን ሦስት ሆኖ፣ አንዱ ሼህ አንዱ ቄስ መስሎ፣ ነጭ ለብሶ ደጅ የሚቆም፣ ተቀመጥ ሲሉት አልቀመጥም፣ ጠጣ ሲሉት አልጠጣም የሚል ሰው አንድ ብቻ ነው። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይቋጭ አይቀመጥም፤ የልጅቷን ቤት ውሃም አይቀምስም። ይሄን እኔም አጥቼው አይደለም። የታላቅ እህቴ ሽማግሌዎች አጥራችን ሥር ቆመው ሲለምኑ አይቻለሁ። ግን ሰው በጭንቀቱ ውስጥ ሲሆን መልኩን ከውጭ አያየውም።

እንደምንም ድፍረት ሰብስቤ፣ ከመቀመጣችን በፊት አንድ የምነግርዎ ነገር አለ ብዬ ጀመርኩ። አንገቴን ደፍቻለሁ። አባባ ይመር እጃቸውን አነሱ።

"አትጨርሰው ልጄ። እንደናንተ ያለ ሰው ደጄ ቁሞ አይለምነኝም። ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ወላሂ ሆዴ እያለቀሰም ቢሆን እሺ ብያለሁ። በሉ አሁን ተቀመጡልኝ።"

ሦስታችንንም ትከሻችንን ሳሙን። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ጎረቤት ሊጠሩ በጓሮ በር ወጡ። እኛም ተቀመጥን።

"ቅናሽ አደረጉልን ማለት ነው?" አለ ደምስ ቀስ ብሎ።

እኔ ግን ስለ ቅናሹ እንባ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

ወዲያው ዘሃራ ከማድ ቤት ወጣች። ሽርጥ አድርጋለች፤ እጇ ላይ ዱቄት አለ። ሦስት ሰው ተቀምጦ ስታይ ፊቷ በራ። ከስድስት ወር በኋላ የመጣን የመጀመሪያ ተመጋቢዎች መሆናችንን ያኔ ባላውቅም፣ በእንደዚያ ዓይነት ደስታ ተቀብሎኝ የሚያውቅ ምግብ ቤት አልነበረም። የዋጋ ዝርዝሩን ሰጠችኝ። አንድ ሰሃን ፓስታ የሁለት ወር ሻዬን ከነመመለሻ ትራንስፖርታችን ይውጠዋል።

ዝርዝሩን አጥፌ መለስኩላት። "ለኔ ብቻ አንድ ሰሃን አምጪልኝ" አልኩ። "ይሄ ጾመኛ ነው። ያኛው ደግሞ ጨጓራ አለበት።"

ደምስ ዞር ብሎ አየኝ። ድንጋይ ፈጭቶ የሚበላ ልጅ ነው። ለኔ ክብር ሲል ሆዱን ያዝ አደረገ። በእናቱ አዲስ ድስት የበላሁት ሰው ፊቴ ተርቦ ታማሚ ሲሆን እያየሁ ብቻዬን ልበላ ነው፤ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም። ምናልባት ይሄን ለማለሳለስ ብሎ ደምስ፣ አባቷ በጣም ጥሩ ሰው እንደሆኑ፣ ገና ሳንናገር እሺ ብለው እንደሳሙን ነገራት።

ዘሃራ የያዘችውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ምን አላችሁ? ቁማችሁ ነበር እንዴ?"

ቆመን ነበር አልናት። ልብሳችንን አንድ በአንድ አየች፤ ጀለቢያዬን፣ ኮቱን፣ ጃንጥላውን፣ ጺሙን። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገረችን። የኔታ አማተበ። እኔ ወዲያው ተነስቼ ለአባቷ እውነቱን ልንገራቸው ስል እጄን ያዘችኝ።

"አሁን ብትነግረው ያፍራል፤ ያፈረ አባት ደግሞ አይሰማም። መጀመሪያ ብላና ክፈለኝ፤ የቀረውን እኔ እነግረዋለሁ። አንተ ብቻ ብላልኝ፣ የኔ ወንድም።"

ፓስታውን ግን ያኔ ነው የምትዳምጠው። ትኩስ ካልሆነ አላቀርብም አለች። ኋላ ሳስበው፣ ዕጣዋ በአንድ ሰሃን ላይ ተንጠልጥሎ እያለ የትናንት ሊጥ አላበላም የምትል ሴት ናት።

እሷ ማድ ቤት ስትገባ አባባ ይመር አራት ጎረቤት አስከትለው ተመለሱ። ጎረቤቶቹ በየተራ እንኳን ደስ አላችሁ አሉን። ቡና ቀረበላቸው፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ አባባ ይመር ወደ የኔታ ዞረው በርሳቸውም በኩል እንዲመርቁ ለመኗቸው። የኔታ አይዋሽም። ሊዋሽ ቢፈልግ እንኳን አይችልበትም። ተነስቶ ጋቢውን አጣፋና "ይህን ቤት የሚያዘጋ ክፉ አይምጣ። የሞላ ማዕድ አይጉደል። ልጅቷንም እንደ ልቧ ያኑራት" አለ። ሁሉም አሜን አሚን አለ፤ ከማድ ቤቱ የመጣው አሚን ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ሰሃኑ ከፊቴ ባረፈበት ቅጽበት ደጅ ላይ መኪና ቆመ።

አምስት ሽማግሌዎች ወረዱ። እውነተኞቹ። ሁለት ሐጂ፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት ባለ ከዘራ አዛውንት። በሩ ጋ መጥተው ተሰልፈው ቆሙ። አባባ ይመር ግቡ አሏቸው፤ አልገቡም። ተቀመጡ አሏቸው፤ አልተቀመጡም። አባባ ይመር እነሱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እንደገና እነሱን አዩ። ጎረቤቶቹ ቡናቸውን ያስቀመጡበትን ረሱ።

"እናንተ የማን ናችሁ?" አሉኝ አባባ ይመር።

መዋሸት ይቻል ነበር። ደምስ በጉልበቱ እየጎሸመኝ ነው፤ ሌላ ላኪ ፈጥሬ እንድናገር ፈልጓል። ግን የዘሃራን ፊት አየሁ። በማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ፣ አፌን ታያለች። እኔ ሽማግሌ ነኝ ካልኩ ቤቷ አለቀ። ተመጋቢ ነኝ ካልኩ ደግሞ ለምን እንደቆምኩ መናገር አለብኝ።

ተነሳሁ። "የማንም አይደለሁም አባባ። ተማሪ ነኝ። ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ ምነው ተቀመጥ ስልህ እምቢ ያልክ?"

"ዋጋውን ፈርቼ ነው። ብር የለኝም።"

ያን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ ለዚያውም አሥር የተከበሩ ሰዎች ፊት። ሰማይ አልተደፋብኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል የሚመስል ሳቅ አመለጠው እንጂ።

አባባ ይመር ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ላልጠየቃቸው ሰው እሺ ብለው፣ ስመው፣ አስመርቀዋል። ዘሃራ ያኔ ወደ መሃል ወጣችና የአባቷን መሐላ ለሽማግሌዎቹ በሙሉ ነገረቻቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ነጭ ጥምጣም ያደረጉት ሐጂ፣ እውነት ነው ወይ ብለው አባባ ይመርን ጠየቁ። አባባ ይመር ሊክዱ ይችሉ ነበር። "በአላህ ስም ብያለሁ" አሉ። "ይሄንንም ልጅ ሽማግሌ መስሎኝ፣ ጉዳዩን ሳይናገር አትጨርሰው ብዬዋለሁ።"

ሐጂው አራቱን ባልደረቦቻቸውን በየተራ አዩ።

"የአባቷን ቃል አስበልተን የምንወስዳት ልጅ በረካ የላትም" አሉ በመጨረሻ። "እኛ መጣን እንጂ ገና አልተናገርንም። ልጁም አልተናገረም፤ አትጨርሰው ተብሏል። እንግዲህ ይብላ። በልቶ እስኪጨርስ አፋችንን አንከፍትም።"

ተቀመጥኩ። አምስት ሽማግሌዎች በሩን ሞልተው ቆመው፣ አራት ጎረቤት ወንበራቸውን ወደኔ አዙረው፣ አባባ ይመር ጉንጫቸውን ይዘው ያዩኛል። ከፊቴ ያለው ፓስታ ላውንጅ የማውቀው አይደለም፤ እንደ ሪቫን ሰፊና ረጅም ነው። ቀለሙም አረንጓዴ ነው። በሶብላ ከነቅጠሉ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት ጋር ተወቅጦ ተለውሶበታል።

"ሣር ነው እንዴ የምታበላው?" አለ አንዱ ጎረቤት፤ ሐጂው በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

ሹካ አነሳሁ። የትኛውን እንደሆነ ስላላወቅኩ ሁለቱንም አነሳሁ። ፓስታው ግማሽ መንገድ ተጉዞ ጀለቢያዬ ላይ ወደቀ። እንደገና ሞከርኩ፤ ከአፌ እስከ ሰሃኑ ድረስ ተንጠልጥሎ ቀረ። መንከስ ነውር መሰለኝ፤ መሳብም ነውር መሰለኝ። ዘሃራ ከሩቅ ጣቷን እያዞረች ታሳየኛለች፤ እኔም ሹካውን ትቼ ጣቴን ማዞር ጀመርኩ። በመጨረሻ የሽማግሌዎቹ ቄስ አላስችል አላቸው። "ልጄ፣ በእጅህ ብላ። ማን ይታዘብሃል፣ ጣሊያን የለ" አሉ።

ቢስሚላህ ብዬ በእጄ ጎረስኩ።

እናንተዬ፣ ልነግራችሁ የምችለው አይደለም። በሶብላን አውቀዋለሁ፤ በርበሬ ውስጥ ተፈጭቶ ነው የማውቀው። እንደዚህ እርጥቡን ሆኖ፣ አፍ ሙሉ ሆኖ አላውቀውም። ጠዋት የእናቴ ጓሮ ሲጸዳ የሚሸተው ሽታ አፌ ውስጥ ገባ። ማን እንደቆመ፣ ማን እንደሚያየኝ ረሳሁ። ስጨርስ ሰሃኑን ጠርጌ፣ ሳላስበው ቀና ብዬ "ሌላ አለ?" አልኩ።

ዘሃራ ማልቀስ ጀመረች። ሐጂው ምራቃቸውን ሲውጡ አየሁ።

የቀረው መክፈል ነው። ሒሳብ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ልብ በሉ፣ ጠየቅኩ። ነገረችኝ። ያለኝን ሁሉ፣ የመመለሻችንንም ጨምሬ ነጩ ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩት። አባባ ይመር ተነስተው መጡና ብሩን አዩት።

"ይሄ የአንድ ሰው ነው?" አሏት።

"የአንድ ሰው ነው፤ በትክክል" አለች።

"ሁለቱስ?"

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነበር። ጓደኞቼን ጋብዤ እንዳመጣኋቸው፣ በፋሲካ እንዳበሉኝ፣ ለነሱ የሚሆን እንደሌለኝ፣ ደምስም ጨጓራ እንደሌለበት ተናገርኩ። አንዴ ከተጀመረ ወዲያ እውነት መናገር እንደሚቀል ያኔ ነው ያወቅኩት። አባባ ይመር ብሩን ሰብስበው በልጃቸው እጅ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ደምስና ወደ የኔታ ዞሩ።

"እሱ ደንበኛ ነው፤ ከፍሏል። እናንተ ግን ሽማግሌዎቼ ናችሁ። እሺ ብዬ ስሜአችኋለሁ። ሽማግሌ ደግሞ በይመር ቤት አይከፍልም።"

ቀጥለው ወደ በሩ ሄዱና ሐጂውን እጅ ነሥተው፣ ቃላቸው ስለቀደመ ልጃቸውን መስጠት እንደማይችሉ ነገሯቸው። ሐጂውም ላኪያቸው ቤቱ ይዘጋ ማለቱ ድሮም ከሆዳቸው እንዳልገባ አልሸሸጉም። ቅር ሳይሰኙ እንደሚመለሱ ተናገሩ። እምቢ የተባለ ሽማግሌ ውሃም ሳይቀምስ ነው የሚመለሰው። አምስቱም ዞሩ። አምስተኛው እግሩን ሲያነሳ ሐጂው ቆም አሉ።

"ይመር፣ ሽማግሌ የልጅቷን ቤት እህል አይቀምስም" አሉ። "ይሄ ግን የሚሸጥ እህል ነው አይደል? ገዝቶ መብላት ነውር ነው ያለ ሰው አለ?"

ቄሱን አዩ። ቄሱ ቀኖናውን የሚያስቡ መስለው ቆዩና፣ ቅቤና አይብ እስከሌለበት፣ ዘጠኝ ሰዓትም እስከሞላ ድረስ እርሳቸው ችግር እንደማይታያቸው ተናገሩ። ዘሃራ ለጾመኛ የሚሆን ለብቻው የተቀመጠ ድስት ነበራት፤ ለስድስት ወር ሰው ሳይመጣ አጥባ አጥባ ያስቀመጠችው። አምስቱም ገብተው ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የኔታም ጸሎቱን አድርሶ፣ ከቄሱ ጋር ትይዩ ተቀምጦ ሁለት ሰሃን በላ። ደምስ ሦስት በላ። ከጨጓራው ዳነ ብለው ሳቁበት።

መመለሻ ስላልነበረን ወደ ደሴ የተመለስነው እምቢ በተባሉት ሽማግሌዎች መኪና ነው። መንገዱን ሁሉ ሽማግሌዎቹ ለላኪያቸው ምን ብለው እንደሚነግሩት ተከራከሩ። ከተማ ስንገባ የተስማሙት፣ ፓስታውን ሳይጠቅሱ ለማለፍ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን ያህል ዓመት ይዤው የኖርኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ድህነቴን ስደብቅ ክብሬን የጠበቅኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን መደበቄ የሰው ልጅ ያለ ፈቃዷ ሊያስድር ለጥቂት ነው የቀረው፤ ዋጋ ለመጠየቅ አፍሬ በመቆሜ አንዲት ሴት ቤቷን ልታጣ ነበር። ያዳናትም ሌላ ምንም አይደለም፣ "የለኝም" የምትል አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ ዋጋ እጠይቃለሁ። ውድ ሲሆንብኝ ውድ ነው ብዬ እወጣለሁ። እናንተም የምትፈሩት በር ካለ፣ ቆማችሁ ሰው ከምታሳስቱ ገብታችሁ ጠይቁ።

የዘሃራ ቤት ዛሬም አለ። ሽማግሌዎቹ የበሉበት ቤት ተብሎ ከደሴ ድረስ ሰው ይመጣለታል። እሷም ኋላ የወደደችውን አገባች፤ ሰውዬው ሊጥ ያሸላታል።

እኔም ተመርቄ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ውጫሌ ያለች ልጅ ወደድኩ። አባቴ በሕይወት የሉም፤ ሽማግሌ የሚልክልኝ ትልቅ ሰው አልነበረኝም። ሐይቅ ወርጄ አባባ ይመርን ጠየቅኳቸው። ደምስንና የኔታን አስከትለው ሄዱ። በልጅቷ አባት ደጅ ቆሙ፤ ተቀመጡ ተባሉ፣ አልተቀመጡም። የልጅቷ አባት ጠንከር ያሉ ሰው ናቸውና፣ ልጁ ምን አለው ብለው ጠየቁ።

ደምስ እንደነገረኝ አባባ ይመር ትንሽ ፈገግ አሉ።

"የለውም" አሉ። "የለኝም ሲል ግን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እኔ ሁለተኛ ሴት ልጅ ቢኖረኝ እዚህ ድረስ አልመጣም ነበር።"

የልጅቷ አባት ሌላ አልጠየቁም። ወንበር አስመጡላቸው።